በፊንላንድ ከማላውቀው ሰው ጎን ለመቀመጥ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ «አዲስ ገቢ ከታምፔሬ»

ጤና ይስጥልኝ። ለትምህርት ወደ ታምፔሬ ከመጣሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። የፊንላንድኛ ትምህርት ብጀምርም፣ መጽሐፉ ስምንና አገርን በመናገር፣ ሰዓት በመጠየቅና ዕቃ በመግዛት ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ በየቀኑ ለሚያስጨንቀኝ ነገር እስካሁን መልስ አላገኘሁበትም። የሚያስጨንቀኝ ከማላውቀው ሰው ጎን መቀመጥ ነው። በትራም፣ በአውቶቡስ፣ በተማሪዎች ምግብ ቤትና በቤተ መጻሕፍት ባዶ መቀመጫ እያየሁ ምን እንደሚባል ባለማወቄ ብቻ ቆሜ የቀረሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ሁለት ገጠመኞቼን ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ትሪዬን ይዤ፣ አንድ ወጣት ብቻውን ወደተቀመጠበት የአራት ሰው ጠረጴዛ ሄድኩ። በሬስቶራንት ጠረጴዛዎች ላይ ከሚቆመው ካርድ ያነበብኩትን ቃል ተጠቅሜ «ኦንኮ ቫራቱ?» ስል ጠየቅሁት። ቀና ብሎ «ኦን» አለኝ። «ኦን» ማለት «ነው» ወይም «አዎ» መሆኑን ስለማውቅ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት፤ አመስግኜም ተቀመጥኩ። ልጁ ምንም አልተናገረም። ትንሽ ቆይቶ ግን ሦስት ጓደኞቹ ትሪያቸውን ይዘው መጡና ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። አንዳቸውም ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ሌላ ወንበር ስበው አመጡ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ምግቡ አልወርድ አለኝ።

ሁለተኛው በትራም ውስጥ ሆነ። እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ሳለ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከጎኔ ተቀመጡ። ትራሙ ሞልቶ ነበር። ከሁለት ፌርማታ በኋላ ብዙ ሰው ወረደና በማዶው ሁለት መቀመጫ ባዶ ሆነ፤ ሴትዮዋም ምንም ሳይሉ ቦርሳቸውን አንስተው ወደዚያ ተሻገሩ። ቀሪውን መንገድ በሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው የተጓዝኩት። ስሄድ ስመጣ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እንድትረዱኝ እለምናለሁ። በየትኛው ቦታ መጠየቅ ግድ ነው? በየትኛውስ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል? ቃሉስ በትክክል እንዴት ነው የሚባለው? ለሽማግሌ መቀመጫ ስለቅ፣ ለመውረድ ደግሞ ሰው እንዲያሳልፈኝ ስፈልግ ምን ልበል?

መልስ፦ «አስተርጓሚው»

እንኳን ደህና መጡ። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል በማስተርጎም ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ የቋንቋውን ነገር በተቻለኝ መጠን ላስረዳዎት።

በምግብ ቤቱ የደረሰብዎት የሥነ ምግባር ጉድለት አይደለም፤ የአንድ ቃል ጉዳይ ነው። «ቫራቱ» ማለት «የተያዘ» ማለት ነው። እርስዎ የጠየቁት «ተይዟል?» ብለው ነው፤ ልጁም «ተይዟል» ብሎ መለሰልዎት። ፊንላንዶች እንደ እኛው የጥያቄውን ግሥ ደግመው ይመልሳሉ። እኛ «አለ?» ሲሉን «አለ» እንደምንለው፣ እነርሱም «ኦንኮ?» ሲባሉ «ኦን» ወይም «ኤይ ኦሌ» ይላሉ። በቃሉ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ኮ» የእኛን «ወይ» ተክታ የምትሠራ የጥያቄ ምልክት ናት። ስለዚህ «ኦን» ብቻውን ፈቃድም ክልከላም አይደለም፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከጠየቁት ቃል ነው። መፍትሔው «ቫራቱ»ን ትተው «ነፃ» በሚለው ቃል መጠየቅ ነው፦ «አንቴኤክሲ፣ ኦንኮ ታሳ ቫፓአታ?» ይህም «ይቅርታ፣ እዚህ ነፃ ቦታ አለ?» ማለት ነው። ያን ጊዜ «ኦን» ካሉዎት ይቀመጣሉ፤ «ኤይ ኦሌ» ወይም «ቫሊቴታቫስቲ ታማ ኦን ቫራቱ» ካሉዎት፣ ይህም «በሚያሳዝን ሁኔታ ተይዟል» ማለት ነውና፣ «ኤይ ሴ ሚታአን» (ምንም አይደለም) ብለው ያልፋሉ። ሁለቱን ቃላት ለማስታወስ የባቡር መጸዳጃ ቤት በርን ያስቡ። ሰው ሲኖርበት «ቫራቱ»፣ ሲለቀቅ «ቫፓአ» የሚል ጽሑፍ በመቆለፊያው ላይ ይታያል።

ከላይ አንዳንዱን ፊደል ተከትዬ «አ» ወይም «ኤ» የጨመርኩት ድምፁ እንደሚረዝም ለማሳየት ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያዩት፣ ምክንያቱም በፊንላንድኛ የአናባቢ መርዘም ትርጉም ይለውጣል። ነገ አገኝሃለሁ ለማለት «ታፓአን ሲኑት» የሚለውን ሰው ሳያስረዝመው «ታፓን ሲኑት» ካለው «እገድልሃለሁ» ብሏል። ሰሚው ከአነጋገሩ ሁኔታ ይረዳዋል እንጂ አይደነግጥም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ለመድ ማድረጉ ይሻላል። በሌላ በኩል ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚቸገሩበት የተነባቢ መጥበቅ ለእኛ ከእናታችን ቤት የመጣ ነው። «አለ» ስንል ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ እንደሚለያይ እናውቃለን፤ «ታሳ»ን ስናነብም «ሳ»ን ማጥበቅ አያስቸግረንም። ጉልበቱን ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ያሳርፉ፤ ይህ ሕግ በፊንላንድኛ የማይዛነፍ ስለሆነ፣ ሌላው ቢያስቸግርዎት እንኳ እርሱ ብቻ ንግግርዎን በግማሽ ያስተካክለዋል። «ኦሌ ሁቫ» (ዕቃ ሲሰጡ «ይኸው» እንደማለት) በሚለው ውስጥ ያለው «ሁ» ደግሞ ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ በውስጥ «ኢ» የማለት ያህል ነው። በእኛ ፊደል በትክክል አይጻፍም፤ በጆሮ ይማሩታል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ። አማርኛ «እባክዎ» ይላል፤ ፊንላንድኛ ግን ይህን የሚተካ አንድ ራሱን የቻለ ቃል የለውም። በዚህ ምክንያት አዲስ የመጣ ሰው ፊንላንዶች የሚያዙ እንጂ የሚለምኑ አይመስሉትም። ትሕትናው ያለው በግሡ ሆድ ውስጥ ነው። «ቮይንኮ ኢስቱዋ ታሃን?» ማለት «እዚህ መቀመጥ እችላለሁ?» ሲሆን፣ በመካከሉ «ሲ» ተጨምሮበት «ቮይሲንኮ ኢስቱዋ ታሃን?» ሲባል «ብቀመጥ ይፈቀድልኝ ይሆን?» ወደሚል ለስላሳ አነጋገር ይለወጣል። በመቀመጫው ላይ ቦርሳ ካለ «አንቴኤክሲ፣ ቮይሲትኮ ሲኢርታአ ላውኩዋ?» (ይቅርታ፣ ቦርሳውን ታነሳው ወይም ታነሺው ይሆን?) ይላሉ። ከካፌ ጠረጴዛ ትርፍ ወንበር ለመውሰድ ደግሞ «ቮይሲንኮ ኦታአ ታማን ቱኦሊን?» ማለት ነው። ይህችን «ሲ» የያዘ ሰው፣ ሌላው ቃል ቢሳሳት እንኳ፣ ጨዋ መሆኑ ወዲያው ይታወቅለታል።

ስለ አክብሮት አጠራርም ልጨምር። ፊንላንድኛ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» አለው። «ሲና» ለአንድ ሰው፣ «ቴ» ደግሞ ለብዙ ሰዎችና ለአክብሮት ያገለግላል። ሆኖም ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ «ሲና» በአብዛኛው ኑሮ ውስጥ የተለመደ ሆኗል። መምህርዎን በ«ሲና» ቢጠሩት አያፍርብዎትም። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ግን «ቴ» አሁንም ያምራል፤ እኛም ያደግንበት ስለሆነ እንዲይዙት እመክራለሁ። «ሃሉአትኮ ኢስቱዋ?» ለእኩያ፣ «ሃሉአቴኮ ኢስቱዋ?» ለአዛውንት ነው፤ ሁለቱም «መቀመጥ ትፈልጋለህ?» እና «መቀመጥ ይፈልጋሉ?» እንደማለት ናቸው።

መልስ፦ «ሹፌር ከሄልሲንኪ አካባቢ»

እህቴ፣ በመጀመሪያ በሴትዮዋ ነገር ልብሽ እንዳይሰበር እፈልጋለሁ። በሄልሲንኪ አካባቢ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ከጭንቅላቴ በላይ ባለው መስታወት የተሳፋሪውን ነገር ሙሉ ቀን አያለሁ። አንቺ የነገርሽንን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የሚያደርጉትም ፊንላንዳዊ በፊንላንዳዊ ላይ ነው። ሁለት መቀመጫ ባዶ ሲሆን ከጎረቤት ተነሥቶ ወደዚያ መሄድ ብዙዎች ዘንድ ለራስም ለጎረቤትም ቦታ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል። ከእነርሱም ውስጥ ይህ ያስቀይማል የሚሉ አሉ፤ አድርገው ሲመጡ ጎረቤቴ ቅር ብሎት ይሆን ብለው የሚጨነቁም አጋጥመውኛል። በቆዳችን ምክንያት ጨርሶ አይደረግም ብዬ አልዋሽሽም፤ እንዲህ ያለውን ክፋት ያየሁባቸው ቀናት አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ከፊትና ከአነጋገር ይታወቃል። ቦርሳቸውን አንሥተው በዝምታ የተሻገሩ አሮጊትን ግን በዚያ አትመዝኛቸው።

ሰው አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ልንገርሽ። ማንም ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ሁለቱም ባዶ የሆኑ መቀመጫዎችን ነው። እነዚያ ሳያልቁ ሄዶ ከአንድ ሰው ጎን የተቀመጠ እንደሆነ፣ የተቀመጠበት ሰው ግራ ይገባዋል፤ ሰውየው ምን ፈልጎ ይሆን ይላል። ሁሉም ጥንድ መቀመጫ አንድ አንድ ሰው ከያዘ በኋላ ግን ከማንም ጎን መቀመጥ መብት ነው፤ ጥያቄም አያስፈልገውም። ቀና ብለሽ ታይዋለሽ፣ ትንሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። በአውቶቡስ ውስጥ «ኦንኮ ታሳ ቫፓአታ?» ብትዪ ስሕተት አይሆንም፤ ሰዉ በደስታ ይመልስልሻል። ግድ የሚሆነው ግን ቦርሳ ሲኖር ወይም ሰውየው በመተላለፊያው በኩል ተቀምጦ መስኮቱ ጋ ያለው ባዶ ሲሆን ነው። ቦርሳ ያስቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይቶሽ ያነሳዋል፤ ካላየሽ «አንቴኤክሲ» የምትለዋ አንዲት ቃል ትበቃለች። ቆመሽ አትቅሪ። መቀመጫው የቦርሳ አይደለም፤ ባለቤቱም ይህን ያውቃል።

ለመውረድ የሚነገረው ነገር አብዛኛው በቃል አይደለም። ክረምት ላይ በመስታወቴ ስመለከት በመስኮት በኩል ያለው ሰው ከፌርማታው አስቀድሞ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ የኮቱን ዚፕ እስከ አገጩ ይስባል፣ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አንሥቶ ጭኑ ላይ ያደርገዋል። ከጎኑ ያለው ይህን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ይከትና ለመነሣት ይዘጋጃል። አውቶቡሱ ሲቆም አንዱ ተነሥቶ መንገድ ይሰጣል፣ ሌላው «ኪኢቶስ» (አመሰግናለሁ) ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ሲነሣ ለራሱ «ኖ ኒኢን» ይላል፤ እኛ «በሉ እንግዲህ» እንደምንለው ያለ ቃል ነው፤ ከሰማሽው የመነሻው ሰዓት ደርሷል። ጎረቤትሽ ካላስተዋለ «አንቴኤክሲ፣ ያአን ታሳ ፖይስ» (ይቅርታ፣ እዚህ እወርዳለሁ) ትያለሽ። አውቶቡሱ ሞልቶ በሰው መካከል ማለፍ ሲያስፈልግሽ «ፓአሲሲንኮ ኦሂ?» (ማለፍ እችል ይሆን?) ትያለሽ። አስተርጓሚው ወንድማችን የነገረሽ «ሲ» እዚህም አለች። አንቺ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠሽ ሌላው መውረድ ሲፈልግ ደግሞ ጉልበትሽን ወደ ጎን ከማዞር ተነሥተሽ ማሳለፍ ይሻላል፤ በተለይ ሁሉም ወፍራም ኮት በሚለብስበት ወራት ጉልበት ማዞር አይበቃም። ሰውን ድንገት ከገፋሽ «ኦሆ፣ አንቴኤክሲ» በዪ። እነርሱ ራሳቸው ብዙ ጊዜ «ኦሆ» ብቻ ብለው ያልፋሉ፤ ቸልተኝነት እንዳይመስልሽ፣ ይቅርታው በውስጡ አለ።

ለሽማግሌ መቀመጫ መልቀቅ ለእኛ ሰው አስተዳደግ የማይቀር ነው፤ አትተዪውም። ከፊት በኩል ያሉት መቀመጫዎችም ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ ስለሆኑ እዚያ የተቀመጠ ወጣት ወዲያው መነሣት አለበት። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ብዙ ፊንላንዳውያን አዛውንት በራሳቸው እግር መቆማቸውን እንደ ክብር ያዩታል። «ኤይ ኪኢቶስ፣ ያአን ኮህታ ፖይስ» (አይ አመሰግናለሁ፣ አሁን እወርዳለሁ) ካሉሽ አንድ ጊዜ ጠይቀሽ ተዪው። እኛ እንግዳን «አፈር ስሆን» እያልን ደጋግመን እንለምናለን፤ እዚህ ሁለተኛው ልመና ያስጨንቃቸዋል። እኔ ተሳፋሪ ስሆን የማደርገው ሳልጠይቅ ተነሥቼ ወደ በሩ መጠጋት ነው። ሽማግሌው ከፈለጉ ይቀመጣሉ፤ ካልፈለጉም ማንም አላፈረም።

ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ሰው ሲገባ፣ የጋሪው ቦታ ላይ ባሉት ታጣፊ መቀመጫዎች የተቀመጠ ሁሉ ሳይነገረው ይነሣል። እናቶች በመካከለኛው በር ነው የሚገቡት፤ በእኛ አካባቢ ትራንስፖርት ሕፃን በጋሪ ይዞ የሚሳፈር ሰው ትኬት አይቆርጥም፤ ስለዚህ ወደ ፊት መምጣት የለባቸውም። ቆመሽ ከሆነ ጋሪውን በፊቱ በኩል ይዘሽ ብታግዢያቸው ምስጋናው ከልብ ነው። ለሹፌሩ ደግሞ ስትገቢ «ሞይ» ብትዪው ቀኑ ያምርለታል። ያንቺው ከተማ ታምፔሬ ሰው «ሞሮ» ነው የሚለው፤ «ሞሮ» ካልሽ እንደ አገሩ ልጅ ይቆጥሩሻል።

መልስ፦ «እማማ በኤስፖ»

ልጄ፣ ወንድሞችሽ የትራሙንና የምግብ ቤቱን ነገር በደንብ ነግረውሻል። እኔ ማንም ያላነሣውን አንድ የጋራ መቀመጫ ልንገርሽ፤ እርሱም የሳውና፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍል፣ መቀመጫ ነው። እዚህ አገር እስከኖርሽ ድረስ አንድ ቀን መጋበዝሽ አይቀርም፤ ያን ቀን ሳታውቂ እንዳትገቢ።

የፊንላንድ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን የሳውናው ቁጥር ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል። የሳውና ባህላቸውም በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። በአንቺ ከተማ በታምፔሬ ያለው ራያፖርቲ የተባለው ሳውና ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ አሁን ከሚሠሩት የአገሪቱ የሕዝብ ሳውናዎች ሁሉ የቆየው እርሱ ነው። እኔ ግን ሳውናን የለመድኩት በሕዝብ የመዋኛ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሴቶችና የወንዶች ለየብቻ ነው። በመዋኛ አዳራሹ ሳውና ውስጥ የዋና ልብስ አይለበስም፤ ከመግባት በፊት ገላን መታጠብ ግዴታ ነው። መጀመሪያ ላይ እፍረቱ ከብዶኝ ሦስት ሳምንት ያህል ሳልሞክር ተመልሼአለሁ፤ ማንም ማንንም እንደማያይ ስረዳ ግን ለቀቀኝ።

መቀመጫው እንደ ደረጃ ሦስት እርከን ሆኖ የተሠራ እንጨት ሲሆን ስሙ «ላውቴኤት» ነው። ከላይ ያለው በጣም ይሞቃል፤ ታችኛው ለልጆችና ለጀማሪ ይሻላል። በባዶ እንጨት ላይ መቀመጥ ነውር ነው፤ ፎጣ ወይም «ፔፍሌቲ» የሚሉትን ትንሽ መቀመጫ ጨርቅ ታነጥፊያለሽ። ሰው ካለበት «ማህቱኡኮ ታሃን ቪኤላ?» ትያለሽ፤ «ለእኔ የሚበቃ ቦታ አለ?» ማለት ነው። እነርሱም ትንሽ ጠጋ ጠጋ ይላሉ። ከድንጋዩ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት በድንጋዩ ላይ ውኃ በጭልፋ ታፈሳለች፤ ከዚያ የሚወጣውን እንፋሎት «ሎይሉ» ይሉታል። አንቺ ከሆንሽ የምታፈሺው ሳትጠይቂ እንዳታፈሺ፤ «ሳአኮ ሄይታአ ሎይሉአ?» (ማፍሰስ ይቻላል?) በዪ። ሙቀቱ የሁሉም ስለሆነ የሁሉንም ፈቃድ ትጠይቂያለሽ።

አንድ ቀን ይህንኑ ጥያቄ ጠይቄ ከላይኛው እርከን የተቀመጡት አሮጊት ምንም ቃል ሳያወጡ አየር ወደ ውስጥ «ሽው» አድርገው ሳቡ። ልቤ ደነገጠ፤ ምክንያቱም እናቴ «አዎ» ስትል የምታደርገው ልክ ይህንኑ ነበር። ለካ እነርሱም «ዮኦ» የሚለውን «አዎ» አየር እየሳቡ ይናገሩታል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች። ሌላ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ያመማቸው ወይም የደነገጡ ይመስለዋል። እኛ ግን እንረዳዋለን። ስለዚህ ከጎንሽ የተቀመጠ ሰው አየር ሳብ አድርጎ ዝም ካለ መልሶልሻል፤ ደግመሽ አትጠይቂ።

በተረፈ ዝምታቸውን አትፍሪ። በአግዳሚ ወንበር ላይ ከጫፍ ተቀምጠው ሌላውን ጫፍ የሚተዉልሽ እንድትቀመጪበት ነው።

ጥያቄ፦ «አዲስ ገቢ ከታምፔሬ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ፣ የአየር መሳቡን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ፤ የቋንቋ መምህራችን ስታደርገው ሰምቼ ደክሟታል ብዬ ነበር። የምግብ ቤቱን ልጅ ትናንት አግኝቼው «ቫራቱ» እና «ቫፓአ» ተምታቶብኝ እንደነበር ነገርኩት፤ «ኤይ ሴ ሚታአን» አለኝና ትሪውን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በባቡር ወደ ሄልሲንኪ እሄዳለሁ፤ ትኬቴ ላይ የመቀመጫ ቁጥር አለ። በእኔ ቁጥር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ባገኝ ምን ላድርግ? ሌላ ባዶ ቦታ ካለ ዝም ብዬ ብቀመጥ አይሻልም?

መልስ፦ «አስተርጓሚው»

ዝም ብለው ሌላ ቦታ አይቀመጡ፤ በረጅም መንገድ ባቡር መቀመጫው በቁጥር የሚሸጥ ስለሆነ፣ የተቀመጡበት ቦታ ባለቤት በሚቀጥለው ጣቢያ ሊሳፈር ይችላል፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ይነሣሉ። መጀመሪያ የሠረገላውን ቁጥር ያረጋግጡ፤ በትኬቱ ላይ «ቫውኑ» የሚለው ሠረገላውን፣ «ፓይካ» የሚለው መቀመጫውን ያመለክታል። ከሚፈጠሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ ሰዎች ቁጥሩን ይዘው ሠረገላውን በመሳሳታቸው የሚመጡ ናቸው።

ሁለቱም ትክክል ሆነው ሰው ካገኙ እንዲህ ይበሉ፦ «አንቴኤክሲ፣ ታማ ታይታአ ኦላ ሚኑን ፓይካኒ።» በቃል ሲፈታ «ይቅርታ፣ ይህ የእኔ ቦታ ሳይሆን አይቀርም» ማለት ነው። «ታይታአ» የምትለዋን ቃል አይርሱ። እርግጠኛ ቢሆኑም እንኳ እርግጠኛ ያልሆኑ አስመስላ የምታቀርብ ቃል ስለሆነች፣ ሰውየው ሳያፍር ትኬቱን አውጥቶ እንዲያይ ዕድል ትሰጠዋለች። እኔ ሁልጊዜ እርሷን ተጠቅሜ ትኬቴን ገለጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ ሰውየውም የራሱን ያወጣል፣ ሁለታችንም ጎን ለጎን እናያቸዋለን። ተነሥቶ «አንቴኤክሲ» ሲልዎት «ኤይ ሴ ሚታአን» ይበሉት፤ ዕቃውን ሰብስቦ እስኪወጣ ድረስም በመተላለፊያው ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉለት። መልካም መንገድ።